«ሆድ ይፍጀው» ያላለች እናት፦ የቡቺ ኤሜቼታ ሕይወትና ድርሰት

በእኛ ባህል የቤት ጉዳይ ከቤት አይወጣም። ባል ቢመታ፣ ትዳር ቢከፋ፣ ቤት ቢጎድል «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ማለፍ የጨዋ ሴት ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። በስደት አገር ደግሞ ይሉኝታው ይብሳል፤ «ወገን ምን ይለኛል?» በሚለው ላይ «ፈረንጅ ምን ይለናል?» ይጨመርበታልና። በዚህ መካከል ገመናዬን ለዓለም እነግራለሁ ብላ የተነሣች፣ ስለዚህም የተወቀሰች፣ በመጨረሻ ግን የብዙ እናቶች ድምፅ የሆነች አንዲት አፍሪካዊት ደራሲ ነበረች። ስሟ ቡቺ ኤሜቼታ ይባላል። ታሪኳ የናይጄሪያና የለንደን ታሪክ ነው፤ ነገር ግን በሰው አገር ልጅ ያሳደገ ሁሉ ራሱን ሊያገኝበት ስለሚችል ለአንባቢያን ልናቀርበው ወደድን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሜቼታ በ1944 ሌጎስ ከተማ ከኢግቦ ወላጆች ተወለደች። የወላጆቿ ቀዬ ኢቡሳ ሲሆን አባቷ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። በዘመኑ ልማድ ትምህርት ለወንድ ልጅ ነው ይባል ስለነበር፣ ታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት ሲገባ እርሷ ቤት እንድትቀር ተደረገ። ሕፃኗ ግን ወላጆቿን ወትውታ ገባች። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞተባት። ሆኖም በ10 ዓመቷ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ በሜቶዲስት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እስከ 16 ዓመቷ ተማረች። በ11 ዓመቷ ታጭታለት ለነበረው ወጣት በ1960 ተዳረች።

ባል ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሲሄድ እርሷም በ1962 ሁለት ልጆቿን ይዛ ተከተለችው። ያን ጊዜ ለንደን የደረሰ አፍሪካዊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የቤት ችግር ነበር። አከራይ «ጥቁር አንቀበልም» ብሎ በመስኮቱ ላይ ቢለጥፍ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። በ1965 የወጣው የመጀመሪያው የዘር ልዩነት መከላከያ ሕግ እንኳ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎችን ብቻ የሚመለከት ነበር። ቤት ማከራየትና ሥራ መቅጠር በሕግ የተካተቱት በ1968 ነው።

ኤሜቼታ በስድስት ዓመት ውስጥ የአምስት ልጆች እናት ሆነች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጥራ እየሠራች፣ ልጆቿን እያሳደገች፣ በተረፈቻት ሰዓት ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረች። ስለ ማጫና ስለ አንዲት የኢግቦ ልጃገረድ የሚተርክ ነበር። ስትጨርስ ባሏ እንዲያነብላት ሰጠችው። እርሱ ግን ላንብብ አላለም፤ ረቂቁን እሳት ውስጥ ጨመረው። ትዳሩ ቀድሞም የከፋ ቢሆንም ለእርሷ የመጨረሻው ይህ ሆነ። በ22 ዓመቷ፣ አምስተኛውን ልጅ አርግዛ፣ ሌሎቹን አራቱን ይዛ ወጣች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዘመድ አዝማድ በሌለበት ከተማ አምስት ልጅ ይዞ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት እስከ 1969 ሠራች። በመንግሥት የኪራይ ቤት ውስጥ፣ ከመንግሥት ድጎማ እየተቀበለች የኖረችበትም ጊዜ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ፣ ልጆቹ ሳይነቁ ተነሥታ ትጽፋለች፤ ከዚያም ታጠናለች። በ1972 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ጥናት በዲግሪ ተመረቀች። ስለ ኑሮዋ በ«ኒው ስቴትስማን» መጽሔት ላይ ያወጣቻቸው ጽሑፎችም በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ርእሱ «ጉድባ ውስጥ» እንደማለት ነው። በ1974 «ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ» ተከተለ፤ ይህንንም መጽሐፍ ለልጆቿ ስታበረክት ጫጫታቸውን ሳይቀር አመስግናለች።

በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ አዳህ የተባለችው ሴት ደራሲዋ ራሷ ናት ማለት ይቻላል። አዳህ ቤት ፍለጋ ስትንከራተት በዘረኛ አከራይ ደጅ ትመለሳለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ደመወዟን የሚበላ፣ እጁንም የሚያነሣባት ባል ይጠብቃታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ለማግኘት የባሏን ፊርማ ስለምትጠየቅ ፊርማውን አስመስላ ትፈርማለች፤ ሲደርስባትም ትመታለች። እዚህ ላይ የኤሜቼታ ሚዛን ይታያል። የእንግሊዝን በደል ስትናገር የቤቷን አልደበቀችም፤ የቤቷንም ስትናገር የእንግሊዝን አልማረችም። በ«ጉድባ ውስጥ» አዳህን የሚያጽናኗት በዚያው ሕንፃ የሚኖሩ፣ እንደ እርሷው ያለ አባት ልጅ የሚያሳድጉ ድሆች ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ነጮች አሉ።

የተቃጠለውስ ድርሰት? ከአእምሮዋ አልጠፋምና እንደገና ጻፈችው፤ በ1976 «ማጫ» በሚለው ርእስ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አኩና የተባለችው ልጃገረድ፣ ቅድመ አያቶቹ ባሪያ ነበሩ ተብሎ የሚናቀውን ወጣት ወድዳ ታገባለች። አጎቷ ማጫውን አልቀበልም ይላል፤ ማጫዋ ያልተከፈለላት ሴት በወሊድ ትሞታለች የሚለው እምነትም በእርሷ ላይ ይደርሳል። በ1977 የወጣው «ባሪያይቱ ልጅ» ደግሞ በገዛ ወንድሟ የተሸጠችን የሙት ልጅ ታሪክ ሲተርክ መነሻው የኤሜቼታ እናት ሕይወት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የስደተኛን ልብ የሚነካው ግን በ1979 የታተመው «የእናትነት ደስታ» ነው። ርእሱን ያገኘችው ከእርሷ ቀድማ በ1966 «ኤፉሩ» የተባለውን ልብ ወለድ ካሳተመችው ከናይጄሪያዊቷ ደራሲ ከፍሎራ ንዋፓ መጽሐፍ መዝጊያ ነው። ኑ ኢጎ የተባለችው እናት በቅኝ ግዛት ዘመን በሌጎስ ሲጃራና ማገዶ ቸርችራ ልጆቿን ታስተምራለች። ወንዶቹ ልጆች አንዱ ወደ አሜሪካ፣ ሌላው ወደ ካናዳ ይሄዳሉ። እናት ደብዳቤ ትጠብቃለች። በመጨረሻ በመንገድ ዳር፣ እጇን የሚይዝ ልጅ ሳይኖር ብቻዋን ትሞታለች። ከዚያ በኋላ ልጁ ከአሜሪካ ይመጣና አገር ያላየው ተዝካር ያወጣላታል። ስንቶቻችን ይህን ስናነብ አንገታችንን እንደምንደፋ መገመት አያዳግትም።

ኤሜቼታ በዚህ ሥራዋ ሁሉ አልተመሰገነችም። «የአፍሪካን ወንድ በነጭ ፊት አዋረደች» ያሏት ወገኖቿ ጥቂት አልነበሩም። ወቀሳውን ከንቱ ነው ብሎ መጣል አይገባም፤ ፈረንጅ ስለ አፍሪካ ክፉ ክፉውን መስማት እንደሚወድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዝምታው ማንን ጠቀመ ብሎ መጠየቅም ይገባል። ገመናው ተሸፍኖ በነበረበት ጊዜ የተጠበቀው የቤቱ ክብር አልነበረም፤ የተጠበቀው ደብተሩን ያቃጠለው እጅ ነው። ቤቱስ በዝምታው ውስጥ እያለ ፈርሷል።

ኤሜቼታ በ2005 ከእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ተሸለመች። በጥር ወር 2017 በ72 ዓመቷ ለንደን ውስጥ ዐረፈች። ከ15 በላይ መጻሕፍትን ትታለች።

በየከተማው፣ ሌሊት አረጋውያንን ስታስታምም ወይም ሆቴል ስታጸዳ አድራ፣ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ በመካከሉም በደብተር ላይ የምትጽፍ እናት ወይም እኅት በእኛም መካከል አትጠፋም። የጽሑፏ የመጀመሪያ አንባቢ ሊሆን የሚችለው በአንድ ጣሪያ ሥር አብሯት የሚኖረው ሰው ነው። እንግዲህ «አንብብልኝ» ብላ ስትሰጥ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። የማይጥም ቃል ቢገኝበት እንኳ መነጋገር ይቻላል። ያልተነበበ ደብተር ግን አይፈረድበትም፤ ወደ እሳትም አይወረወርም።