ጠመንጃ በጠምባሮ ምድር ማንን ጠበቀ?

ሙዱላ የጠምባሮ ከተማ ናት፤ ከኦሞ ማዶ ዳውሮ አለ። በዚያ እስከ ዛሬ የሚታየው የንጉሥ ሃላላ ካብ ጠመንጃ ከመብዛቱ በፊት የአካባቢው ሕዝብ እንዴት ይከላከል እንደነበር ያሳያል፤ በድንጋይ ካብ፣ በጦርና በጋሻ፣ በጋራ ጉልበት። «መሣሪያ በየቤቱ ካለ ወንበዴ ይፈራል» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። በዚህ አገር ግን ጠመንጃ የገባው በየቤቱ አልነበረም፤ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ኢጣልያ ለንጉሥ ምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ልትሰጥ ተዋዋለች። ነጋዴዎችም በጅቡቲ በኩል ብዙ መሣሪያ ወደ ሸዋ አስገብተዋል። የጠምባሮ ጎረቤቶች ሐዲያና ከምባታ በሸዋ ጦር እጅ ሲወድቁ ለዘማቹ የተከፈለው ጥሬ ብር ሳይሆን ገባር ነበር። ገባሩ ያርሳል፣ እህል ያስፈጫል፣ እንጨት ይሸከማል፣ የጌታውን ቤት ይሠራል። ገባር የተሰጠው መልከኛ ውጅግራውን ወይም ምንሽሩን አንግቦ ሲያልፍ መንደሩ ጸጥ ይላል። ይህን ጸጥታ የወንጀል መጥፋት አድርጎ መቁጠር ትልቅ በደል ነው። የተገረፈ ገባር ለማን ይክሰስ? በገባሩ ላይ ይፈርድ የነበረውም ያው ባለጠመንጃ ነው። የተደፈረ ሰው አቤቱታ ካልተሰማ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ መዝገብ ደግሞ ሰላም ይመስላል።

የኢጣልያ ወረራ መሣሪያውን ከብዙዎች ቀማ፤ ከነጻነት በኋላ የባለርስቱ ጠመንጃ ተመለሰ። ትልቁ ለውጥ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ነው። በደቡቡ ብዙ ቦታ ባለርስቶች በመሣሪያ ተቃወሙ፤ መሬቱን የተረከቡት የገበሬ ማኅበራትም የጥበቃ ጓዶች አስታጠቁ። በዚያ ሰዓት የገበሬው ጠመንጃ በእርግጥ ጠብቆታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ብዙ አልቆየም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ በየመንደሩ ወጣት የሚያሳድዱት የቀበሌና የማኅበር ታጣቂዎች ሆኑ። ጥበቃው ወደ ላይ ላዘዘው እንጂ ወደ ታች ለጎረቤቱ አላገለገለም። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ ጦር ሲበተን መሣሪያው በገበያ ተቸበቸበ።

መሣሪያ ወንጀልን ይቀንሳል ለማለት ከውጭ የሚጠቀሰው ምስክር አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ግምት በዚያ ለ100 ሰው 120 ያህል የግል መሣሪያ ነበር፤ ሆኖም በነፍስ ግድያ አሜሪካ ከምዕራብ አውሮፓ አገሮች እጅግ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ማስረጃውን መርምሮ መሣሪያ ታጥቆ መንቀሳቀስን የሚፈቅዱት ሕጎች ወንጀል መቀነሳቸውም መጨመራቸውም አልተረጋገጠም አለ።

በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ የሚይዝ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። የጠምባሮን ያለፈ ዘመን የሚያውቅ ሰው በዚህ ሕግ ውስጥ የሚፈልገው፣ ፈቃድ የተሰጠውና የተከለከለው ማን እንደሆነ፣ የተከለከለውም ሰው ባለፈቃዱን ከስሶ ችሎት ፊት ማቆም መቻሉን ነው።