በጎጃም መኳንንት ዘንድ ስምና የአባት ስም

በአገራችን ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ፣ እንደ አውሮፓ ሕዝብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። ይህ ልማድ ለታሪክ መርማሪ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ለማሳየት የጎጃምን ገዢዎች ቤት ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ጋራ ተዋግተው ሞቱ። ልጃቸው ተሰማ ጎሹ፣ የተሰማም ልጅ አዳል ተሰማ ተባሉ። ዘውዴ ማለት የእኔ ዘውድ፣ ተሰማ ማለትም ተደመጠ ማለት ነው። ዘሩ አንድ ሲኾን ሁለተኛው ስም በየትውልዱ ተለወጠ።

ራስ አዳልን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር 1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ባነገሧቸው ጊዜ ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ኾነ። ይኸውም በግእዝ የሃይማኖት ተክል ማለት ሲኾን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የደብረ ሊባኖሱ ጻድቅ ስም ነው። ኾኖም ስም ግብርን አያስከትልም፤ ከ1698 እስከ 1700 ዓ.ም. በጎንደር የነገሡት፣ አባታቸውን ታላቁን ኢያሱን ያስገደሉት ንጉሥም ተክለ ሃይማኖት ይባሉ ነበር።

የጎጃሙ ንጉሥ ከተማቸውን መንቆረርንም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ አሰኙ። ስለዚህ ሰውየውም ከተማውም ሁለት ሁለት ስም አላቸው፤ ይህን ያላወቀ አንባቢ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቈጥራል። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ልጃቸው ኋላ ራስ የተባሉት ኃይሉ የሚጠሩት በአባታቸው የንግሥ ስም ኾነ። ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው አያታቸው ተሰማ መኾናቸውን ከየት ያውቃል?

ሽማግሌዎቻችን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ግን ከአያቱ በላይ መጥራት ያቃተው አለ፤ የምንሞላው የመጠይቅ ወረቀትም የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም እያለ ያሳስተናል። ስለዚህ ክረምት አገራችን ስንገባ የአያት የቅድመ አያታችንን ስም፣ የክርስትና ስም፣ በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር እንደ ማለት ያለውንም የፈረስ ስም ጠይቀን እንጻፍ። ጠያቂ ሳያገኙ የሚያርፉ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ይዘውት ይሄዳሉና።