ሐይቁ የሚያልቅበት ስፍራ

ከአርባ ምንጭ፣ ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ሁለቱ ሐይቆች ሳይምታቱ ይታዩታል። በስተ ሰሜን ያለው አባያ ከደለል የተነሣ ቀላ ያለ ነው፤ በስተ ደቡብ ያለው ጫሞ ጠራ ይላል። በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የተባለው ምድር ተጋድሟል። ከዚያ ከፍታ የውሃውና የየብሱ ድንበር በእጅ የተሰመረ ይመስላል። ወርዶ ዳርቻውን የረገጠ ሰው ግን መስመሩን አያገኘውም። ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላናና ሐሬ ወደ አባያ፣ ኩልፎና ሲሌ ወደ ጫሞ አፈር እየጫኑ ይገባሉ፤ ውሃው በዝናም ዘመን ይገፋል፣ በድርቅ ዘመን ይሸሻል። ትናንት ሸምበቆ የነበረው ዛሬ ማሳ፣ ዛሬ ማሳ የሆነው ነገ ረግረግ ይሆናል።

ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ጉዳይ ከዚህ ይነሣል። የሐይቁ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሕጋችን በየዘመኑ ተናግሯል፤ ነዋሪውንና ባለሥልጣኑን የሚያካስሰው ግን ሐይቁ የት ላይ እንደሚያልቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ዓመታት በተከታታይ ግብሩን የከፈለ ሰው ባለሀብት እንዲሆን ደነገገ። ይኸው ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ የመንግሥት ንብረት በዚህ መንገድ እንዳይገኝ ከለከለ። ለዳርቻው ገበሬ እነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች የሚጋጩት በእጁ በያዘው የግብር ደረሰኝ ላይ ነበር። መሬቱ ከመስመሩ ወዲህ ከሆነ ደረሰኙ የባለሀብትነት ማስረጃ ነው፤ ወዲያ ከሆነ ከንቱ ወረቀት ነው። መስመሩ ደግሞ አልተሰመረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የባለሀብትነቱ ክርክር ቀረ፤ የይዞታው ግን አልቀረም። አዋጁ የመሬት ክርክርን ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ሰጠ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ለመዳኘት የታሰበ ሸንጎ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ጠርቶ «ወሰንህን አሳይ» ለማለት ጉልበት አልነበረውም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው ስፋቱ ከሁለቱም ሐይቆች ውሃ ይጨምራል። በክልሉ ውስጥ የጉጂ ከብት አርቢዎችና የኮሬ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ፓርኩን ለአንድ የውጭ ድርጅት፣ ለአፍሪካ ፓርኮች፣ ለማስረከብ ውል ሲፈረም የኮሬ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሄዱ ተደረገ፤ በኅዳር 1997 ዓ.ም. ደግሞ ከ400 የሚበልጡ የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸው ተዘገበ። ድርጅቱ በ2000 ዓ.ም. ለቅቆ ሄደ። ይህ ሁሉ የሆነው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬውንና አርብቶ አደሩን ከይዞታው ከመፈናቀል በሚጠብቅበት፣ አንቀጽ 44 ለተፈናቀለ ሰው ማካካሻ በሚፈቅድበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የውሃ አካላት ዳርቻ ወሰን እንዲከለልና በዚያ ውስጥ መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ለመከልከል ሥልጣን ሰጠ። የካሣ አዋጆቹ፣ ቀድሞ ቁጥር 455/1997፣ በኋላም ቁጥር 1161/2011፣ ካሣ የሚሰጡት ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ሁለቱን አጣምሮ ለሚያነብ የሕግ ሰው አደጋው ግልጽ ነው፦ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወዲህ ያለው ባለይዞታ ካሣ ይቀበላል፤ አንድ እርምጃ ወዲያ የተገኘው ጎረቤቱ ደንብ ተላላፊ ተብሎ ባዶ እጁን ይነሣል። ሁለቱም ሙዝ የተከሉት በአንድ ክረምት ሊሆን ይችላል።

ካርታ ይፍረድ የሚል አይጠፋም። ኢጣሊያዊው አገር አሳሽ ቦቴጎ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አባያን በንግሥታቸው ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ሄደ፤ ስሙም በውጭ ካርታዎች ላይ ብዙ ዘመን ኖረ። የሐይቁን ስም ከነዋሪው ሳይጠይቅ የጻፈ ካርታ ስለ ዳርቻው ብቻውን ቢመሰክር ምስክርነቱ ይጎድላል። ጋሞዎች የጋራ ጉዳያቸውን በዱቡሻ ተሰብስበው፣ ሽማግሌ እየተናገረ፣ ሁሉ እየሰማ ይመክሩበታል። ስለ ውሃው መግፋትና መሸሽ የሚያውቁ ሰዎች የሚገኙትም በዚያ ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ ከፊቱ የሚቀርብለት ዳኛ ወይም ጠበቃ ጭብጡን «መሬቱ የማን ነው?» ብሎ ከመያዙ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጃል፦ መስመሩ የተሰመረው በየትኛው ቀን ነው? የተለካው የክረምት ውሃ ነው ወይስ የበጋ? ሲለካስ ከዳርቻው ነዋሪ ማን ተጠርቶ ቆመ?