“ንጉሥ” የሚለው ቃል በአሜሪካ ጥቁሮች ዜማ ውስጥ፤ ስለ ታላቅ ውጥንና ስለ ረቂቅነት

ከግዕዝ ቃላት መካከል ባሕር ተሻግሮ “ንጉሥ” የሚለውን ያህል ሩቅ አገር የደረሰ ብዙ አይገኝም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በማርች ወር 2015 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ኬንድሪክ ላማር የተባለው የካሊፎርኒያ ተወላጅ “ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ” ብሎ በሰየመው አልበም ውስጥ ይህን ቃል ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ ለአድማጮቹ አስተማረ። አልበሙ የተደነቀ፥ የተሸለመና ብዙ የተጻፈበት ነው። እኛ ግን የቃሉ ባለቤቶች እንደ መሆናችን መጠን፥ በዚያ ሥራ ውስጥ የሐሳቡ ታላቅነትና የአነጋገሩ ረቂቅነት እንዴት እንደ ተመዛዘኑ ለመመርመር የራሳችን ምክንያት አለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ሂፕ ሆፕ የሚባለው ጥበብ በኦገስት 1973 በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፥ ከጃማይካ የመጣው ወጣት ኩል ሄርክ እኅቱ ባዘጋጀችው የጭፈራ ግብዣ ላይ ሸክላ ሲያጫውት እንደ ተጀመረ ይነገራል። መጀመሪያ ለጭፈራ ብቻ ነበር። በ1982 “ዘ ሜሴጅ” የተባለው ዘፈን የድኻውን ሰፈር ጭንቀት በአደባባይ ባሰማ ጊዜ ግን መንገዱ ተለወጠ፤ የሚገርመው፥ የጓዱ አለቃ ግራንድማስተር ፍላሽ ራሱ ዘፈኑን ለመቀበል አመንትቶ ነበር። በ1988 የተነሣው የ“ፐብሊክ ኤነሚ” አልበም ደግሞ ረቂቅነትን ከነጭራሹ አልፈለገም፤ እንደ አደጋ ደወል መጮኽን መረጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወገኑ እናገራለሁ ብሎ የተነሣ የራፕ ደራሲ ሁሉ፥ ልጩኽ ወይስ ልሰውር የሚለው ጥያቄ ሳይገጥመው አላለፈም።

ላማር መሰወርን ያውቅበታል። በ2012 ባወጣው “ጉድ ኪድ፥ ማድ ሲቲ” በተባለው አልበሙ፥ ስለ ወንድሙ ሞት የሚናገር አንድ ወጣት ንግግሩን ሳይጨርስ የጥይት ድምፅ ይሰማና ቃሉ ይቋረጣል። ማንም ምን እንደ ሆነ አያስረዳም፤ ዜማው ይቀጥላል። አድማጩ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

የ2015ቱ አልበም ውጥን ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። ርዝመቱ ሰባ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል፥ ዘፈኖቹም 16 ናቸው። ርእሱ ቢራቢሮን እንደ አቃጣሪ መነገጃ ማድረግ እንደ ማለት ነው፤ ጥበበኛውን ሰው ገበያ እንዴት እንደሚሸጠው ያመለክታል። ካማሲ ዋሺንግተንን የመሰሉ የጃዝ ሰዎችና የቀድሞው የፈንክ ሊቅ ጆርጅ ክሊንተን ተካፍለውበታል። የባርነት ውርስ፥ የዝና ፈተና፥ የፖሊስ ግፍ፥ በጥቁሮች መካከል ያለው የመልክ ልዩነት፥ ደራሲው በ2014 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የማንዴላን እስር ቤት ማየቱ፤ ይህ ሁሉ በአንድ አቁማዳ ገብቷል። አቁማዳውም በአንዳንድ ስፍራ ሊቀደድ ደርሷል።

በጣም የተሳካለት ጉዳዩ ሲያንስ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ ስለ አንድ ዶላር ይናገራል። በደቡብ አፍሪካ አንድ ለማኝ ከነዳጅ ማደያ አጠገብ ገንዘብ ይለምነዋል፤ ባለዝናው ሰው ይጠራጠራል፥ ይቈጣል፥ ይከለክላል፤ በመጨረሻ ለማኙ እግዚአብሔር መሆኑን ይገልጽለታል። ቋንቋችን ለማኙን “የኔ ቢጤ” ብሎ በሁለት ቃል የጨረሰውን ምሥጢር ላማር በአንድ ሙሉ ታሪክ ደርሶበታል። የዘፈኑም ኀይል ተከሳሹ ተራኪው ራሱ በመሆኑ ነው። ባራክ ኦባማ ፕሬዚደንት ሳሉ ከ2015 ዘፈኖች ሁሉ ይህን እንደ ወደዱ መናገራቸው አያስደንቅም።

አሁን ወደ ቃላችን እንምጣ። “አይ” የተባለው ዘፈን በሴፕቴምበር 2014 ለብቻው ሲወጣ የተስተካከለ የደስታ ዜማ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ግን በሕዝብ ፊት እንደሚዘፈን ተደርጎ ቀረበ፤ በመካከሉ በአድማጮቹ ዘንድ ጠብ ይነሣል፥ ሙዚቃው ይቆማል፥ ዘፋኙም ስንት ወጣት እንደ ሞተብን አስቡ እያለ ይገሥጻቸዋል። እስከዚህ ድረስ ፍጹም ነው። ቀጥሎ ግን ለጥቁር ሕዝብ የወጣው የስድብ ቃል ሥሩ “ንጉሥ” የሚለው የኢትዮጵያ ቃል እንደ ሆነና የታሪክ መጻሕፍት ይህን እንደ ደበቁ ማስተማር ይጀምራል፤ ትርጓሜውንም ጥቁር ንጉሠ ነገሥት ይለዋል።

ይህ እውነት አይደለም። ስድቡ የመጣው ጥቁር ማለት ከሆነው ከላቲኑ “ኒጌር” በስፓኝና በፖርቱጋል ቋንቋ በኩል ነው። የእኛ ቃል “ነግሠ” ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ሹመትን እንጂ መልክን አያመለክትም። ንጉሥና ንጉሠ ነገሥትም አንድ አይደሉም። ራስ ተፈሪ በ1928 ንጉሥ፥ በ1930 ንጉሠ ነገሥት መባላቸው ልዩነቱን ለማወቅ ይበቃል።

ይህ የሰዋስው ሰዎች ጭቅጭቅ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን መጻሕፍት ደበቁ ብሎ የሚከስ ሰው መጻሕፍትን አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። በሌላ በኩል፥ የአያቶቹ ቋንቋ በመርከብ ላይ የተነጠቀበት ትውልድ ስድቡን የሚሽርበት ቃል ሲፈልግ እጁን ወደ ኢትዮጵያ መዘርጋቱን የሚያቃልል ልብ የለኝም። ስሕተቱ ያለው ዕርዳታ በመሻቱ ሳይሆን፥ በጠቡ መካከል የቆመው ዝምታ የተናገረውን ነገር እንደ ገና በትምህርት ማጽናት ያስፈልጋል ብሎ በማሰቡ ነው።

ይኸው ጠባይ በመጨረሻው ዘፈን ይታያል። ላማር በ1996 ከሞተው ከቱፓክ ሻኩር ጋር ይነጋገራል፤ የሟቹ ድምፅ በ1994 ለስዊድን ራዲዮ ከሰጠው ቃለ ምልልስ የተወሰደ ነው። የአባጨጓሬውና የቢራቢሮው ምሳሌ ፍቺው ሳይቀር ይነበባል። ከዚያ ሐሳቡን ሲጠይቀው ቱፓክ አይመልስም። ስሙን ይጠራል፤ ዝም ነው። ከምሳሌው ረዥም ፍቺ ይልቅ ይህ ዝምታ ብዙ ተናገረ።

ሆኖም ውጥኑ ባይሰፋ ኖሮ በጁላይ 2015 በክሊቭላንድ የተሰበሰቡ ወጣቶች በፖሊስ ፊት “ኦልራይት” የተባለውን ዘፈን አዝማች አብረው ባልጮኹ ነበር።

ያንኑ ቃል በሌላ መንገድ የያዘ ሰውም አለ። ቀድሞ ሞስ ዴፍ ይባል የነበረው ያሲን ቤይ በ2019 “ንጉሥ” የተባለ ሃያ ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ አልበም አቀረበ። መነሻው በ1868 ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው፥ በ1879 በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የሞተው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። አልበሙ ለገበያ አልወጣም። በብሩክሊን ሙዚየም እስከ ጃንዋሪ 2020 ድረስ፥ የመጡት ሰዎች ስልካቸው እየተቈለፈባቸው ብቻ አደመጡት። ከዚህ የበለጠ ረቂቅነት የለም። ነገር ግን የዓለማየሁ አፅም ዛሬም በዊንድሶር ነው፤ እንዲመለስ የቀረበውን ልመና ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለም። ስለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሹክሹክታ ነው ለማለት እቸገራለሁ። የላማርን ስሕተት የሰማ የኮምፕተን ልጅ ንጉሥ ማለት ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ እውነተኛውን መልስ ከመጻሕፍታችን ያገኛል፤ ስለ ዓለማየሁ የሚያስጠይቀው ዘፈን ግን እጁ አልገባም።