የአባባ ፒፓ ስንት ያወጣል?

ውርስ ሲከፈል ቤቱ ይለካል፣ መሬቱ ይለካል፣ የባንክ ደብተሩ ይታያል። የተረፈው ደግሞ በአንድ ሳጥን ይሰበሰብና «ይህን እናንተ ሴቶቹ ተከፋፈሉት» ይባላል። በሳጥኑ ውስጥ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ መነጽር፣ ጥቂት ጠገራ ብር፣ አንዳንድ ጊዜም የአባት ወይም የአያት ፒፓ ይገኛል። ጠገራውን ሁሉም ያውቀዋል። ፒፓውን ግን የሚቆጥረው የለም፤ ወይ የልጆች መጫወቻ ይሆናል፣ ወይ ከባዶ ጠርሙስና ከተበሳ ድስት ጋር ለቆራሌው ይሰጣል።

እህቶቼ፣ በዚህ ጽሑፍ ፒፓን የመረጥኩት ማጨስን ለማበረታታት አይደለም። የትምባሆን ጉዳት ሁላችንም እናውቃለን። የመረጥኩት አንድ አሮጌ ዕቃ ዋጋውን ከየት እንደሚያገኝ ከፒፓ የተሻለ የሚያስተምር ዕቃ በሳጥናችን ውስጥ ስለማይገኝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወንድና ሴት ልጆች እኩል እንዲወርሱ ደንግጓል። ነገር ግን እኩል የሚካፈለው የተቆጠረና የተገመተ ንብረት ነው። ያልተቆጠረ ነገር በሕግም በሒሳብም እንደሌለ ይሆናል።

ከሸክላ እስከ አስታ ሥር

ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው። አውሮፓውያን ያወቁት ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ሲሆን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዞች በነጭ ሸክላ ፒፓ ያጨሱት ነበር። በዚያን ጊዜ ትምባሆ ውድ ስለነበር የፒፓው ራስ፣ ማለትም ትምባሆው የሚሞላበት ጎድጓዳው ክፍል፣ በጣም ትንሽ ነበር። ትምባሆ እየረከሰ ሲሄድ ራሱም እያደገ ሄደ። የአንድ ሸቀጥ የገበያ ዋጋ በሸክላ ቅርጽ ላይ ተመዝግቦ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የአገዳው ቀዳዳ ነው። ጄ. ሲ. ሃሪንግተን የተባለ አሜሪካዊ የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪ፣ እንግሊዞች በአሜሪካ በሰፈሩባቸው ቦታዎች የተገኙ የፒፓ ስብርባሪዎችን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ፑንታ ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰፊ የነበረው ቀዳዳ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በየጊዜው እየጠበበ መጥቷል። ከእሱ በኋላ ሉዊስ ቢንፎርድ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ይህንን ወደ ስሌት ለወጠው። የቀዳዳዎቹ አማካይ ስፋት አንድ ኢንች ለ64 ተከፍሎ ይለካል፤ የተገኘው ቁጥር በ38.26 ይባዛል፤ ውጤቱ ከ1931.85 ላይ ይቀነሳል። የሚቀረው ስብርባሪዎቹ የመጡበት ዘመን አማካይ ዓመት ነው። አማካዩ 7 ቢሆን 1664፣ 5 ቢሆን ደግሞ 1740 አካባቢ ይሰጣል። ስሌቱ የሚሠራው ብዙ ስብርባሪ በአንድ ላይ ሲገኝ፣ ለእንግሊዝ ሸክላ ፒፓና ለዚያ ዘመን ብቻ ነው። እኛ ቤት ላለ ፒፓ አይሆንም። ቁም ነገሩ ግን ይታያችሁ፤ ማንም የማያነሳው ስባሪ የሚለካው ሰው ሲያገኝ የታሪክ ሰነድ ሆነ።

ከሸክላ በኋላ የመጣው ሚርሻም ነው። ሚርሻም ነጭና ቀላል ማዕድን ሲሆን በተለይ የሚወጣው በቱርክ በኤስኪሼሂር አካባቢ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቪየና ጠራቢዎች የሰው ፊት፣ የአንበሳና የፈረስ ራስ ይቀርጹበት ነበር። ምልክቱ ቀለሙ ነው፤ አዲሱ ነጭ ነው፣ በተጨሰበት ቁጥር ወደ ማር ቀለም እያደላ ይሄዳል። ስለዚህ አባት ብዙ ያጨሱበት ሚርሻም ፒፓ ቢጫና ቡናማ ቢሆን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። አንዳንድ ገዥ የሚፈልገው እሱን ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ብራየር የሚባለው እንጨት ገበያውን ያዘ። በፈረንሳይ የጁራ ተራሮች ያለችው የሴን ክሎድ ከተማ በዚህ ሥራ ስሟ ገነነ። ብራየር የሚቆረጠው በሜዲትራኒያን ዙሪያ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ሥር ላይ ካለው እብጠት ነው፤ እሳትን ይቋቋማል፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ይህ ቁጥቋጦ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው አስታ የምንለው ተክል ራሱ ነው። እኛ ለማገዶ የምንቆርጠው ተክል ሥሩ በሌላ አገር ከወርቅ ሰዓት ጎን በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል። ልዩነቱን ያመጣው የሠራተኛው እጅና በላዩ የተመታው ጽሑፍ ነው።

ማኅተሙ ምን ይላል?

በእጃችሁ ያለውን ፒፓ በቀን ብርሃን፣ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት። የምትፈልጉት በአገዳው ጎን ላይ የተመታ ትንሽ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ የአምራቹን ስም፣ ቀጥሎ የአገሩን ስም አንብቡ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አስገድዳለች። በዚህ ምክንያት የአገር ስም ያለበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

የአገር ስም ራሱም ዘመን ይናገራል። የደብሊኑ ፒተርሰን ፒፓ ጥሩ ምሳሌ ነው። «የአየርላንድ ነፃ መንግሥት» የሚል በእንግሊዝኛ ከተመታበት፣ ያ መንግሥት በዚህ ስም የኖረው እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1937 ስለሆነ ፒፓው የዚያ ዘመን ነው። «የአየርላንድ ሪፐብሊክ» የሚል ከሆነ ከ1949 ወዲህ ነው። የለንደኑ ዳንሂል ደግሞ በመምጠጫው ላይ ባለች ትንሽ ነጭ ነጥብ ይታወቃል። ነጥብ ማስመሰል ቀላል ስለሆነ ግን ነጥቧን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ የተመታው ጽሑፍም ይኑር።

በራሱና በመምጠጫው መካከል የብር ቀለበት ካለ ብዙ ይናገራል። በእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመድ አንበሳ ከተመታ ብሩ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ነው ማለት ነው። የነብር ራስ ለንደን፣ መልሕቅ ደግሞ በርሚንግሃም መመርመሩን ያሳያል። ከጎናቸው ያለችው አንድ ፊደል በየዓመቱ የምትቀየር ስለሆነች ዓመቱን ታመለክታለች። «ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ግን ብር የተቀባ ሌላ ብረት ነው። ቀለበት በጥገና ሊቀየር እንደሚችልም አስታውሱ፤ ማኅተሙ የሚመሰክረው ለቀለበቱ እንጂ ለእንጨቱ አይደለም።

መምጠጫው ጥቁር ሆኖ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ካደላ፣ ሲታሽም ድኝ ድኝ ከሸተተ፣ ከጎማና ከድኝ የሚሠራው ኤቦናይት ነው። ቢጫና ለእጅ ሞቅ የሚል፣ በጨርቅ ሲታሽ ብጣሽ ወረቀት የሚስብ ከሆነ ዕንብር ሊሆን ይችላል። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተገደበ ነው።

ግምቱ እንዴት ይወጣል?

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃዎችን እንዲከተሉ ተደንግጓል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ተገቢ ዋጋ የሚለውን ሲተረጉም፣ በገበያ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል በሥርዓት በሚደረግ ሽያጭ ንብረቱ በግምቱ ቀን የሚያወጣው ዋጋ ነው ይላል። «በሥርዓት» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ተገዶ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ተገቢ ዋጋ አይደለም። በለቅሶ ሳምንት፣ የድንኳን ኪራይና የዕድር ጉዳይ ራስ ሲያዞር፣ በር ላይ ለመጣ ገዥ የተሸጠ ዕቃ ተገዶ የተሸጠ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ቢያንስ አርባው እስኪያልፍ ምንም አትሽጡ።

ሁለተኛው፣ የተጠየቀውንና የተከፈለውን ለዩ። በኢንተርኔት አንድ ሰው ፒፓውን በ500 ዶላር አቅርቦት ልታዩ ትችላላችሁ። ያ ምኞቱ ነው። የምትመዘግቡት ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ቅርጽና ተመሳሳይ ይዞታ ያለው ፒፓ ተሽጦ የተከፈለበትን ዋጋ ነው። ከዚያ ላይ የአሻሻጭ ኮሚሽን፣ የመላኪያና የባንክ ወጪ ይቀነሳል። የሚቀረው ነው የእናንተ።

ሦስተኛው፣ ይዞታውን በሐቅ ጻፉ። የተሰነጠቀ ራስ፣ ጥርስ የበላው መምጠጫ፣ የተቃጠለ ከንፈር ዋጋ ይቀንሳል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን «ላሳምረው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ማስረጃው ጠፋ። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ሣጥኑና ደረሰኙ ካለም ከፒፓው አትለዩት።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አሮጌ ፒፓ ሀብታም አያደርግም፤ ስም የሌለው ብራየር ርካሽ ነው። ግምት የሚሠራው ግን ዕቃው ውድ እንዲሆን አይደለም። ወንድምና እህት በመካፈል ጊዜ እንዳይጠራጠሩ፣ የሚሸጥም ካለ አውቆ እንዲሸጥ ነው።

ማኅተም የሌለው ጋያ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ፋብሪካ ጽሑፍ ለመታበት ዕቃ ነው። የአያቶቻችን ጋያስ? ቅሉ ውኃ ይያዛል፣ ራሱ ከሸክላ ይሠራል፣ መምጠጫው መቃ ይሆናል። የሠሪው ስም የለበትም፣ ዓመት የለበትም። በደቡብና በምዕራብ አገራችን ጋያ የቆየ ዕቃ ነው፤ በጋምቤላ ሴቶችም ያጨሱበታል። በሰሜኑ ግን ትምባሆ በቤተ ክርስቲያን የተነቀፈ ነበር፤ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አጥብቀው ከልክለውታል። የሚነቀፍ ዕቃ ደግሞ ይደበቃል እንጂ ታሪኩ አይጻፍም።

በዚህ ምክንያት የእንግሊዙ ፒፓ በአንበሳና በመልሕቅ ራሱን ሲያስመሰክር፣ የእኛው ጋያ ምስክሩ የአንዲት አሮጊት ትዝታ ብቻ ነው። እሳቸው ሲያልፉ «አሮጌ ቅል» ሆኖ ይቀራል። ሠሪው ማን እንደነበረ፣ በየትኛው ወረዳ እንደተሠራ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ ቢጻፍ ግን ለሙዚየምም ለቤተሰብም ዋጋ ያለው ቅርስ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ! ለእኛ ዕቃ ማኅተሙን መምታት ያለብን እኛው ነን።

ስለዚህ ለእያንዳንዷ አባል የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በእሱ ላይ እነዚህን ጻፉ፦

1. ዕቃው ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ርዝመቱና ክብደቱ ስንት ነው?
2. ምን ተጽፎበታል? ፊደሉን እንዳለ ገልብጡ፣ ፎቶም አንሱ።
3. መጀመሪያ የማን ነበር? ከየት ተገኘ? ይህን የነገራችሁ ማን ነው፣ መቼ?
4. ምን ጉዳት አለበት?
5. ግምቱ ስንት ነው? በየትኛው ቀን፣ በምን ማስረጃ?

ሦስተኛውን ጥያቄ አታቆዩት። የቀሩትን በማንኛውም ጊዜ መሙላት ይቻላል፤ እሱን የሚመልሱት ግን ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ደጋፊዎቻችንም የምንልክላችሁን የማኅተም ፎቶ በአካባቢያችሁ ላለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ብታሳዩልን ትልቅ እርዳታ ነው። ፎቶውን እንጂ ዕቃውን አንልክም፤ ቅርስ የሆነን ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

ቅጹን አባዝቼ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን አመጣለሁ። እናንተ ደግሞ ሳጥኑን ክፈቱ።