ከብራና ክታብ እስከ እንጨት ኅትመት፤ የሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ የሥራ ጉዞ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ አማራ ሳይንት የሚዘልቀው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚያዘቀዝቅ፣ ተድባበ ማርያምን የመሰሉ ጥንታውያን አድባራት ያሉበት አገር ነው። እንዲህ ባለው የሰሜን ደጋ ደብተራው ከዜማውና ከቅኔው ጎን ለጎን የብራና ሥራ ያውቃል። ከሚሠራቸውም ነገሮች አንዱ ክታብ ነው። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ተፍቆ በጠባቡ ይቆረጣል፤ ቁራጩም ጫፍ ለጫፍ ተሰፍቶ በልማድ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይረዝማል። በጥቁርና በቀይ ቀለም የግእዝ ጸሎት ይጻፍበታል፤ በየመካከሉም ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ አፍጥጦ የሚመለከት ዓይን ይሣልበታል። የባለቤቱም የክርስትና ስም ይገባበታል። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ክታብ የሚለውን ቃል ማወቁ የሚያስገርም አይደለም፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይህን ሥራ የሚያየው ከጥንቆላ ጋር አጣብቆ ስለነበር፣ የሥዕሉን ጥበብ ከእምነቱ ለይቶ የመረመረ መምህር ብዙ አልነበረም። አቶ ዘሪሁን የትምጌታ ለትምህርት ባለሙያዎች ትኩረት የሚገቡትም በዚህ ምክንያት ነው። የተወለዱት በደጋው ሳይሆን በአዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን፣ የተማሩትም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመረቁ። ከመምህራኖቻቸው መካከል ከጀርመን ተምረው የተመለሱት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይገኙ ነበር።

በእጃቸው ላይ የተለየ አሻራ የተወው ግን ካርል ሃይንዝ ሃንሰን የተባለ የሃምቡርግ ተወላጅ ነው። ይህ ሰው በብራዚል ኖሮ የባሂያን ክፍለ ሀገር ስም በስሙ ላይ የጨመረ፣ እንጨት ቀርጾ በማተም የታወቀ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ ሲያስተምር የኅትመትን ሥራ በትምህርት ቤቱ ተከለ።

የሥራው ጠባይ ቀላል ይመስላል። ሠሪው በለሰለሰ ሣንቃ ላይ ይነድፋል፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን በስለት ያጎደጉዳል፤ ሳይነካ በቀረው ገጽ ላይ ቀለም ያሽከረክርና ወረቀት አኑሮ ያሻል። ነገር ግን በስለት የተነሣው ተመልሶ አይተካም፤ ስለዚህ መስመሩ አስቀድሞ ታስቦ ያለቀ መሆን አለበት። ይህ ግዴታ ከደብተራው ግዴታ ጋር ይመሳሰላል። እርሱም በጠባብ ብራና፣ በሁለት ቀለም፣ በወፍራም መስመር ነው የሚሠራው።

አቶ ዘሪሁን በኋላ ከእንጨቱ ሣንቃ ወደ ጠባብ የቀርቀሃ ስንጥቅ ተሻገሩ። ስንጥቆቹን ጎን ለጎን ደርድረው፣ ዓይኑን፣ መልአኩንና ኮከቡን ከአፍሪካ ጭምብሎች ጋር አቀናጅተው ሣሉ። ክታቡን ገለበጡት ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ጸሎቱ የለም፤ ፈውስም አይጠበቅበትም፤ የተወሰደው ጠባብነቱ፣ ድርድሩና የዓይኑ ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሠሩትን አንዱን ሥዕል ከአስማት ጥበብ የተገኘ ምርምር ብለው መሰየማቸው አካሄዳቸውን ይገልጻል። በ1989 ሥራዎቻቸው ከግርማይ ሕይወትና ከወርቁ ጎሹ ሥራዎች ጋር በዙሪክ ታይተዋል፤ በ1992ም በዳካር ቢየናሌ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱን አግኝተዋል። በተማሩበት ትምህርት ቤትም አስተምረዋል።

ሸራና የዘይት ቀለም በማይደርስበት የቦረና ወይም የሳይንት ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ በቁሳቁስ እጦት ሲታጠፍ፣ ይህ ታሪክ ሊታሰብ ይገባል። የዋንዛ ቁራጭ፣ የተሳለ ስለት፣ ጥላሸትና ሙጫ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃሉ። ስለቱን በተመለከተ የመምህሩ ቁጥጥር አይለይ። ያረጁ ክታቦችንም በባለቤቶቹ ፈቃድ ተማሪዎች አይተው እንዲነድፉ ማድረግ ይቻላል፤ ብራናው ራሱ ግን ከቤቱ መውጣት የለበትም፤ ከአገር ወጥቶ በውጭ ቤተ መዘክሮች የተቀመጠው ብዙ ነውና። ለመጀመሪያው ሣንቃ የሚስማማው የተማሪው የራሱ ስም ነው። በወረቀቱ ላይ ቀንቶ እንዲነበብ ፊደሉን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ገልብጦ መቅረጽ አለበት።