የወጣቶች የበጋ ጉዞና የባሕር ጥበቃ፤ ጠልቆ መዋኘት ከአገልግሎት ጋር የተገናኘበት ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት ብዙ ወጣቶች ወደ ፍሎሪዳና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይጓዛሉ። የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን አንባቢ ያስታውሷል። እነዚህ ወጣቶች የታመቀ አየር የተሞላበትን ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ጠልቆ መዋኘት ይማራሉ፤ ከዚሁም ጋር የተሰበረ ኮራል ይተክላሉ፣ ዓሣ ይቈጥራሉ፣ ከባሕር ዳር ቆሻሻ ይለቅማሉ። እንዲህ ያለው ጉዞ ከፊሉ ትምህርት፣ ከፊሉ ሽርሽር፣ ከፊሉ አገልግሎት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህ ነገሮች ከየት ከየት መጥተው በአንድ ጀልባ ላይ እንደ ተገናኙና ከግንኙነቱም ማን እንደ ተጠቀመ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ዛሬ ባሕር ጠላቂ ሲባል የባሕር ወዳጅ ማለት ይመስለናል። በመጀመሪያ ግን ጠላቂው አዳኝ ነበር። በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ፣ በ1933 የተቋቋመ አንድ የጠላቂዎች ማኅበር አዲስ አባል ከመቀበሉ በፊት ትንሽ ሻርክ በባዶ እጁ ይዞ እንዲያወጣ ይፈትነው ነበር። በ1943 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኰንን ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን «አኳ ላንግ» የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ በፊት ወደ ጥልቅ የሚወርድ ሠራተኛ ከባድ የብረት ቍር አጥልቆ፣ የእርሳስ ጫማ ተጫምቶ፣ ከመርከቡ በሚመጣ የአየር ቱቦ እንደ ታሰረ ይኖር ነበር። አዲሱ መሣሪያ ግን ሰውየው በሚተነፍስበት ጊዜ ብቻ፣ በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር ስለሚሰጠው፣ ከቱቦውና ከመርከቡ ነጻ አወጣው። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካን አገር ይህን መሣሪያ ገዝተው ከተጠቀሙት ብዙዎቹ ነጻነቱን የፈለጉት ዓሣ በጦር ለመውጋት ነበር።

የሳይንስ ሰዎችም ቢሆኑ ከዚህ መንፈስ የራቁ አልነበሩም። ኩስቶ ከሉዊ ማል ጋር ያዘጋጀው «ጸጥተኛው ዓለም» የተባለው ፊልም በ1956 በካን ከተማ የፊልም በዓል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። በዚሁ ፊልም ውስጥ ጠላቂዎቹ በአንድ የኮራል ዐለት ላይ ያለውን ዓሣ ለመቍጠር ሲሉ ዲናሚት ያፈነዳሉ፤ በሌላ ቦታም ሻርኮችን በመርከብ ላይ እየጐተቱ ይገድላሉ። የዘመኑ ተመልካች ይህን አይቶ አጨበጨበ። ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌም አለ። በ1952 እና በ1953 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የኢጣልያ የባሕር ውስጥ ጉዞ ቡድን በዳህላክ ደሴቶች ሠርቷል፤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው በዚያው በ1952 ነበር። ፎልኮ ኲሊቺ በዚያ ያነሣው «ስድስተኛው አህጉር» የተሰኘው ፊልም በ1954 ታይቶ በብዙ አገር ዝናን አተረፈ። የዳህላክ ሰዎች ግን ፊልም የሚያነሣቸው ሳይኖር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዕንቁ ፍለጋ በአንድ እስትንፋስ ይጠልቁ ነበር።

ጠልቆ መዋኘት የወጣቶች ትምህርት ሊሆን የቻለው ሥርዐት ያለው ሥልጠና በመገኘቱ ነው። ሰው በውኃ ውስጥ ዐሥር ሜትር በወረደ ጊዜ በአካሉ ላይ ያለው ግፊት ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ከዚያ እስትንፋሱን ይዞ በፍጥነት ቢወጣ በሳንባው ያለው አየር እየሰፋ ሄዶ ሊገድለው ይችላል። ይህን ሳያውቁ መሣሪያውን ከሱቅ ገዝተው የሚገቡ ሰዎች ስለ በዙ፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የመዝናኛ ክፍል ባልደረቦች የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ለራሳቸው ያዘጋጁትን ሥልጠና ተምረው በ1954 የመምህራን ኮርስ አቋቋሙ። ክርስቲያናዊ የወጣቶች ማኅበር በ1959 በአገር አቀፍ ደረጃ ተከተለ፤ በ1960 እና በ1966 ደግሞ ዛሬ በዓለም ላይ የታወቁት የጠላቂ መምህራን ድርጅቶች ናዊና ፓዲ ተመሠረቱ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ለሕዝብ የተሰጠው ሥልጠና ከተመራማሪዎች መወሰዱ ነው። ይኸውም ጠላቂ ሰሌዳና እርሳስ ይዞ የሚወርድ ተመልካች ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ገና ከጅምሩ በትምህርቱ አጠገብ ነበር ማለት ነው።

የአገልግሎቱ ታሪክ ግን ከባሕር ሳይሆን ከየብስ ይጀምራል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ባቋቋሙት የሲቪል ጥበቃ ጓድ ውስጥ እስከ 1942 ድረስ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሥራ አጥ ወንዶች ዛፍ ተክለዋል፣ መንገድ ጠርገዋል፣ እርከን ሠርተዋል። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ነበር፤ ከዚህም 25ቱ በቀጥታ ለቤተ ሰቦቻቸው ይላክ ነበር። ጓዱ ከፈረሰ በኋላ ብሔራዊ ፓርኮቹ ሠራተኛና ገንዘብ አጥተው ተጐሳቈሉ። በርናርድ ዴቮቶ የተባለው ጸሐፊ በጥቅምት 1953 «ሐርፐርስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ መንግሥት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ካልሰጠ ፓርኮቹ ይዘጉ ሲል ጻፈ።

ይህን ጽሑፍ ካነበቡት መካከል ኤሊዛቤት ኩሽማን የተባለች የቫሳር ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። የምታጠናው የምድርን አፈጣጠር፣ ማለት ጂኦሎጂን ነበር። በ1955 ባቀረበችው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ያለ ደመወዝ በፓርኮቹ ውስጥ እንዲሠሩ የሚያደርግ የተማሪዎች የጥበቃ ጓድ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበች። እኛ ተማሪዎች የምንጽፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ነጥብ ከሰጠበት በኋላ ወደ መደርደሪያ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። የእርሷ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ሆነ። በ1957 በጋ 53 ተማሪዎች በኦሊምፒክና በግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርኮች ተሰማሩ፤ ማኅበሩም የተማሪዎች የጥበቃ ማኅበር ተብሎ እስከ ዘመናችን ቀጠለ። በ1970 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ15 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች በመንግሥት ወጪ ተመሳሳይ የበጋ ሥራ ፈቀደ። ስለዚህ የወጣቱን ዕረፍት ከጥበቃ ሥራ ጋር ማያያዝ በኋላ ዘመን የጉዞ ነጋዴዎች የፈጠሩት ዘዴ አይደለም። እነርሱ ያገኙት ተዘጋጅቶ የቈየ ሐሳብ ነው።

ይህ ሐሳብ ወደ ባሕር እንዲወርድ በመጀመሪያ ባሕሩ ራሱ ጥበቃ የሚያስፈልገው ሥፍራ ተብሎ መታወቅ ነበረበት። በፍሎሪዳ ደሴቶች ጠረፍ ነጋዴዎች ለጐብኚዎች የሚሸጥ ኮራል በመዶሻና በመሮ፣ አልፎ አልፎም በዲናሚት ያወጡ ነበር። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ሊቅ ጊልበርት ቮስና ጋዜጠኛው ጆን ፔኔካምፕ ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ተከራከሩ በ1960 የአገሪቱ የመጀመሪያ የባሕር ውስጥ ፓርክ በጋዜጠኛው ስም ተቋቋመ። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በቦኔር ደሴት ደግሞ በ1971 ዓሣ በጦር መውጋት ተከለከለ፤ በ1979 በደሴቲቱ ዙሪያ ያለው ውኃ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። እገዳው እንዲወጣ ከወተወቱት አንዱ በ1962 በመርከብ የመጣው ዶን ስቲዋርት ሲሆን፣ እርሱም ራሱ ቀድሞ ዓሣ ወጊ ነበር። ጦሩን ያስቀመጠው ወጊ ስለሆነ ሌሎቹ ወጊዎች የሚሉትን አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ይሁን እንጂ ክልከላ ብቻውን ለወጣት እጅ ሥራ አይሰጥም። ወጣቱ የሚሠራው ነገር የተገኘው ኮራሉ መሞት በጀመረ ጊዜ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነጭ ቀበቶ የሚባለው በሽታ በካሪቢያንና በፍሎሪዳ ሁለቱን ዋና ዋና ቅርንጫፋም የኮራል ዐይነቶች ፈጀ። በ1983 እና በ1984 ደግሞ አልጌን እየጋጠ ዐለቱን የሚያጸዳው ጥቍሩ የባሕር ጃርት በሌላ በሽታ አለቀ፤ አልጌውም ኮራሉን ሸፈነው። ሁለቱ የኮራል ዐይነቶች በ1996 ሳይሆን ዘግይቶ በ2006 በአሜሪካ ሕግ አደጋ ላይ ያሉ ፍጥረታት ተብለው ተመዘገቡ።

በዚህ መካከል በፍሎሪዳ ኬን ኔዲማየር የሚባል ሰው ለዓሣ ማሳደጊያ ሣጥን የሚሸጥ ድንጋይ በተከራየው የባሕር ወለል ላይ ያረባ ነበር። በ1990ዎቹ ከድንጋዮቹ በአንዳንዶቹ ላይ የኮራል እጭ በራሱ ጊዜ መጥቶ በቀለ። ከባሕር ኮራል መንቀል በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ይህ የበቀለው በራሱ ድንጋይ ላይ ስለ ነበር የእርሱ ሆነ። ልጁ ፎር ኤች ለሚባለው የገጠር ወጣቶች ማኅበር የምታቀርበው ሥራ ያስፈልጋት ነበርና አባትና ልጅ ያንን ኮራል እየቈረጡ ማባዛት ጀመሩ። በ2007 የተመሠረተው የኮራል መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ከዚህ የተነሣ ነው። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው፤ ወጣቶች የሚያግዙት ይህ ታላቅ ሥራ ራሱ ሲጀመር የአንዲት ልጃገረድ የማኅበር ሥራ ነበር።

የአሠራሩ ነገር ቀላል ነው። ከፕላስቲክ ቧንቧ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ መሳይ ነገር ይሠራና በባሕሩ ወለል ላይ በገመድ ታስሮ በውኃው መካከል እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። የጣት ርዝመት ያላቸው የኮራል ቍራጮች በዓሣ ማጥመጃ ክር በቅርንጫፎቹ ላይ ይንጠለጠላሉ። እዚያ ቀንድ አውጣና ትል ስለማያገኛቸው፣ ውኃውም ከየአቅጣጫው ስለሚያጥባቸው ቶሎ ያድጋሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ዐለቱ ተወስደው በማጣበቂያ ይተከላሉ። በጉዞ ማስታወቂያዎች ላይ የሚታየው ሥዕል የመትከሉ ነው። እውነተኛው ድካም ግን ማጽዳቱ ነው፤ ቧንቧው ላይ የሚበቅለው አልጌ ካልተፋቀ ኮራሉን ያንቀዋል። ስለዚህ ጠላቂው በብሩሽ ሲፍቅ ይውላል፤ ልክ እንደ አረም ነው፣ ዛሬ ቢነቅሉት ነገ ተመልሶ ይበቅላል።

ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ወጣቶችን ካዘጋጁት አንዱ በ2001 በፍሎሪዳ የተቋቋመው ስኩባኖትስ ኢንተርናሽናል ነው። ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን ተቀብሎ ከተመራማሪዎች ጋር ያሠራል፤ በጦርነት ከቈሰሉ የቀድሞ ወታደሮች ጋር ሆነውም ኮራል ተክለዋል። ሪፍ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1990 ተመሥርቶ ከ1993 ጀምሮ ተራ ጠላቂዎች የዓሣ ዐይነት እየለዩ በሰሌዳ እንዲመዘግቡ አድርጓል። ያ ኩስቶ በዲናሚት የሠራው ቈጠራ እዚህ በእርሳስ ተተካ።

ከእነዚህ ጐን ለጐን ገንዘብ የሚያስከፍሉ የጉዞ ድርጅቶች በዙ። ነገሩን በቅደም ተከተል ስንመለከተው አንድ የሚያስገርም ለውጥ እናያለን። በ1933 መንግሥት ለወጣቱ ይከፍል ነበር፤ በ1957 ወጣቱ ያለ ደመወዝ ሠራ፤ በመጨረሻ ወጣቱ፣ ይልቁንም አባቱና እናቱ፣ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት አገልግሎት ብዙ ሺሕ ዶላር የሚከፍሉበት ዘመን መጣ። ጀልባ፣ ነዳጅ፣ መምህርና የአየር መሙያ ሞተር ያለ ገንዘብ አይገኙም፤ ስለዚህ ክፍያው ራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን አገልግሎት የባለ ጸጋ ልጆች ዕድል ሲሆን ስሙ ብቻ ይቀራል ብለን እንፈራለን። ከዚህም ሌላ አዲስ ጠላቂ ሚዛኑን መጠበቅ ስለማይችል በእግሩ መቅዘፊያ ኮራል ይሰብራል። ሁለት ሳምንት የቈየው ወጣት በአሸዋማ ወለል ላይ ተለማምዶ እጁ ሲጠና የመመለሻው ቀን ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ በሚኖሩበት ጠረፍ የሚሠሩትን ወጣቶች ከተጓዦቹ አብልጠን እናያቸዋለን።

ሌላም ችግር አለ። የጉዞውን ወራት የወሰነው የትምህርት ቤት ደወል እንጂ ኮራሉ አይደለም። ኮራል እንስሳ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ ያዘጋጁለታል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ያስወጣና ነጥቶ ይራባል። ሙቀቱ የሚበረታው ደግሞ ተማሪዎቹ በሚመጡባቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጁላይ 2023 በደቡብ ፍሎሪዳ ማናቲ ቤይ በተባለ ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ የውኃው ሙቀት 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። የኮራል መልሶ ማቋቋሚያው ድርጅት በሶምብሬሮ ዐለት ላይ የነበረው ኮራል ሁሉ መሞቱን አስታወቀ። በ2025 የወጣ ጥናትም ሁለቱ ቅርንጫፋም ዐይነቶች በፍሎሪዳ ለዐለቱ ጥቅም በማይሰጡበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል አለ።

በዚያ በጋ ጠላቂዎች የወረዱት ለመትከል አልነበረም። ከፕላስቲኩ ዛፍ ላይ ኮራሉን አንድ በአንድ እየፈቱ፣ ውኃ በተሞላ ሣጥን በጀልባ እየጫኑ፣ በየብስ ላይ ወዳለ ቀዝቃዛ ገንዳ አጓጓዙት። ክሩን ማሰር የተማረው እጅ መፍታቱንም ያውቅ ነበር።